አስተርጓሚዋና የሚነደው ፊቷ

ዘርትሁን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሰው ምትክ ስትናገር ኖራለች። ቦንጋ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። ካፊኖኖ እንጂ አማርኛ የማይሆንለት ባለጉዳይ ሲቀርብ የእሱን ቃል ለዳኛው በአማርኛ፣ የዳኛውን ጥያቄ ደግሞ ለእሱ በካፊኖኖ ታቀብላለች። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ከቅርብ ሲያዩት ግን አንድ ክፉ ደንብ አለበት፤ "እንዲህ አለ" ብሎ ነገር የለም። ባለጉዳዩ "እኔ" ሲል አስተርጓሚዋም "እኔ" ትላለች። ስለዚህ ዘርትሁን በእነዚህ ዓመታት ሁለት ሰው ገድላለች፣ አንዲት ልጇን ጎርፍ ወስዶባታል፣ የጎረቤት በሬ ሰርቃ አርዳለች፣ የፈታቻቸውን ባሎችማ ማን ቆጥሯቸው! ቤቷ ስትገባ ግን የሚጠብቃት ያው የሚኒባስ ሹፌሩ አባተ ነው።

ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ደህና ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ዘርትሁን ግን ደህና ነኝ ትል ነበር። አልስማማም ያለው ፊቷ ነው።

የጀመራት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቀይ ዳማ ናት፤ መጀመሪያ አፍንጫዋና ጉንጮቿ ላይ ሙቀት መጣ ሄደ ይል ነበር። ቀጥሎ መቅላቱ መምጣቱን እንጂ መሄዱን ረሳው። ከዚያ ጥቃቅን ሽፍታ ተከተለ፣ ከዚያ ዐይኗ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል ይቆረቁራት ጀመር። ቦንጋ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ይጠፋባት እንደሆነ እንጂ በሽታ ነጋሪ ጠፍቶባት አያውቅም። አንዱ ቡግር ነው አላት፣ ሌላዋ ማዲያት ነው አለቻት። የቢሮ ሰዎች "ሴትዮዋ ትጨልጣለች እንዴ?" እያሉ ተንሾካሾኩ፤ ከሠርጓ ቀን ወዲህ ጠጅ ያልቀመሰችውን ሴት! አክስቷ እትዬ ተሾመች ገና ከበር ላይ ሆነው "ምች ነው!" ብለው ፈረዱና ዳማከሴ ቆርጠው መጡ። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ፊቷ ላይ ጨመቁት፣ የተረፈውን አፍልተው በጋቢ ሸፍነው በእንፋሎቱ አጠኗት። ምች ለመታው ሰው ደግ ነው ይላሉ፣ እኔ አልከራከርም። ለእሷ ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባት፤ ከጋቢው ሥር የወጣው ፊት ከገባው የባሰ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት የመዋቢያ ሱቅ ያላት ሴት ትንሽ ቱቦ ቅባት ሸጠችላት። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ጥርት አለ። ዘርትሁን ባለሱቋን መርቃ አልጠገበችም። ቅባቱን ለአንድ ሳምንት ስትተወው ግን መቅላቱ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ደግማ ቀባችው፣ ጠፋ፤ ተወችው፣ ባሰ። እንዲህ ስትል ዓመት ተኩል አለፈ። ቱቦው ከቦርሳዋ የማይለይ ሆነ፤ መታወቂያዋን ረስታ ትወጣለች እንጂ እሱን አትረሳም።

ነገር የመጣው የማንኪራ መንደሯ አሮጊት ጉዳይ በተሰማ ቀን ነው። እማማ ወለተሥላሴ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የባላቸው የወንድም ልጅ ደግሞ "ከአጎቴ ሞት ወዲህ ቡናውን የለቀምኩት፣ ዛፉ ላይ ወጥቼ ማሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" ብሎ የጫካ ቡናቸውንና እዚያው ዛፍ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ይዞባቸዋል። እሳቸው ከሰውታል። ዳኛ ሰብሃት ከሌላ አካባቢ ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፣ ካፊኖኖ አይሰሙም። የተከሳሹ ጠበቃ ግዛቸውም አይሰማም። በችሎቱ ውስጥ የአሮጊቷ አፍ ዘርትሁን ብቻ ነበረች።

ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከዝናብ በኋላ የወጣው ፀሐይ ጣሪያውን አግሎታል። ዘርትሁን ቅባቷ ካለቀ አምስተኛ ቀኗ ነው፣ ሱቁ ውስጥም ጠፍቷል። አሮጊቷ መናገር ጀመሩ፤ መሃል ላይ አንድ ነገር አሉና ካፊኖኖ የሚሰማው ታዳሚ ሁሉ በሳቅ አውካካ። በዚያችው ቅጽበት ሙቀቱ ከአንገቷ ተነሥቶ ወደ ጉንጮቿ ሲወጣ ታወቃት። ግዛቸው አፍጥጦ ያያታል። ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ ታያታለች። ዘርትሁን ተናግራ ጨረሰችና እጆቿን ጭኗ ላይ ቆላልፋ ተቀመጠች።

ግዛቸው ተነሣ። "የተከበረው ፍርድ ቤት፣ መቃወሚያ አለኝ። ከሳሽ በተናገሩ ቁጥር የአስተርጓሚዋ ፊት ይለዋወጣል። አሁንም እንደሚታየው ነው። ይህ የገለልተኛ ሰው ፊት አይደለም። የአስተርጓሚዋ የትውልድ ቦታም እዚያው ማንኪራ አጠገብ ነው።"

ዳኛው ዐይናቸውን ጣሉባት። ሲያዩዋት የባሰ ነደደች፣ የባሰ ስትነድ የባሰ አዩዋት። "መቃወሚያው በጽሑፍ ይቅረብ" አሉ በመጨረሻ። "አስተርጓሚዋም በሚቀጥለው ቀጠሮ መልስ ይስጡበት።" አሥራ አምስት ቀን ተቀጠረ። አድልቷል ተብሎ ከችሎት የተነሣ አስተርጓሚ ዳግመኛ የትኛውም ችሎት አያስቀምጠውም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አሥራ አራት ዓመት የገነባችው ስም በአንድ ጥንድ ጉንጭ ሊፈርስ ሆነ።

በአራተኛው ቀን አባተ በሚኒባሱ ጅማ ወሰዳት። የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ሠናይት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ታካሚን ሁሉ አንቺ አንተ የሚሉ ሴት ናቸው። ፊቷን በመብራት አዩ፣ ዐይኗን ገልበው አዩ፤ ከዚያ "ምን ትቀቢያለሽ?" አሏት። ባዶውን ቱቦ አውጥታ ሰጠቻቸው። ጽሑፉን አንብበው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ሕመምሽ ሮዛሺያ ይባላል" አሉ። "ከመጠጥ አልመጣም፣ ከቆሻሻም አልመጣም፣ ምችም አይደለም። እኛ ቆዳ ላይ ጎልቶ ስለማይታይ ብዙ ሰው ስሙን ሳያውቀው ይኖራል። ይሄ ቅባት ግን ስቴሮይድ ነው። ስትቀቢው ያዳፍነዋል፣ ስትተዪው ይነዳል። ከዛሬ ጀምሮ አትንኪው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስታቆሚው መጀመሪያ ይብስብሻል።"

"ለስንት ቀን?"

"ለቀን አይደለም፤ ለሳምንታት ነው። ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።"

"ችሎቴ እኮ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው!"

ዶክተሯ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሁሉንም አስነገሯት። ሰምተው ሲጨርሱ "ስትደነግጪ፣ ስታፍሪ፣ ስትናደጂ ደምሽ ወደ ፊትሽ ይሮጣል" አሉ። "የማንም ሰው ይሮጣል። የሌላው ግን ሞቅ ብሎ ይበርዳል፣ ያንቺ ይቀጣጠላል። ሲቀጣጠል ሰው ያይብኛል ብለሽ ትጨነቂያለሽ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ማገዶ ነው። አንዱን ትተን ሌላውን ብናክም አይሆንልንም።"

"ታዲያ አልጨነቅ?" አለች ዘርትሁን፤ ንዴቷ ገነፈለ። "አትጨነቅ ስለተባለ ጭንቀት የተወው ሰው አይተው ያውቃሉ?"

"አላየሁም። ስለዚህ አልልሽም።"

ያሏት ሌላ ነበር። ማታ ማታ የሚቀባ ጄልና የሚዋጥ እንክብል አዘዙላት። ያለ ጃንጥላ ፀሐይ ላይ እንዳትወጣ፣ ቡናና ሻይ ለብ ሲል እንድትጠጣ፣ ሚጥሚጣውን እንድትተወው፣ በእንፋሎት መታጠኑንማ ጨርሶ እንድትረሳው ነገሯት። ችሎት ከመግባቷ በፊት ትንፋሿን ካስገባችበት አስረዝማ እንድታስወጣ አሳዩዋት፤ ዘርትሁን ፊታቸው ተቀምጣ ስትተነፍስ ሞኝ የሆነች መሰላት። ከሥራ ስትወጣ ባጃጅ ትታ በእግሯ እንድትሄድ፣ የሰማችውን ሁሉ ይዛ ቤት እንዳትገባ መከሯት። በመጨረሻ ደብተር እንድትገዛ አዘዟት። ፊቷ በነደደ ቁጥር የት እንደነበረች፣ ምን እንደበላች፣ ምን እንደተባለ ትጽፋለች። "በጣም የነደደበትን ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፊው" አሉ። "ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም፤ ግን ይገራል።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተሩን ከፈተች። የአስተርጓሚ ጆሮ ክፉ ነው፤ የሰማውን በቀላሉ አይጥልም። ያን ቀን ጠዋት የሚያቃጥል ሻይ ቆማ መጠጣቷን ጻፈች፣ የጣሪያውን ሙቀት ጻፈች፣ የቅባቱን ማለቅ ጻፈች። ከዚያ አሮጊቷ የተናገሩትን እንዳለ አሰፈረችው። "ባሌ ከሞተ ወዲህ አራቱንም ዓመት ዛፉ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሴት ዛፍ ወጣች እንዳይሉኝ የእሱን ሱሪ ታጥቄ ነበር የምወጣው። ይሄ ልጅ ከሥሩም ቆሞ አያውቅም፣ ንብ ይፈራል።" ሰዉ የሳቀው እዚህ ላይ ነው። ከሥሩ ራሷ በአማርኛ ያለችውን ጻፈች፦ "ባሌ ከሞተ ወዲህ ቀፎዎቹን ስንጠቀምባቸው ኖረናል።"

እስክሪብቶው እጇ ላይ ቆመ።

ደግማ አነበበችው። ማን ዛፍ እንደወጣ የለም። የሱሪው ነገር የለም። ልጁ ንብ መፍራቱ የለም። ሳቁ በፊቷ መቅላት የተሳቀ መስሏት፣ ቶሎ ተናግራ ቶሎ ለመቀመጥ ስትል፣ የሴትዮዋ ክስ የቆመበትን ቃል ዘልላው ሄዳለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ዘርትሁን ግን ማፍሰሷንም አላወቀችም ነበር። ጠበቃው ለአሮጊቷ አድልታለች ብሎ ከሷታል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ፤ የበደለችው እሳቸውን ነው። ታዳሚው በሳቁ ሳይሰማት ቀርቶ ይሆናል፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቀው ተከሳሹ ግን ሰምቷታል። ሰምቶ ዝም አለ፣ ምን ቸገረው!

ቅባቱን ካቆመች ወዲህ ፊቷ አብጧል፣ ያሳክካል፣ ውሃ ሲነካው ያቃጥላል። ጃንጥላዋን ዘርግታ በእግሯ ትሄዳለች፣ ትተነፍሳለች፣ ጄሏን ትቀባለች፤ ሁሉንም እንደታዘዘችው ታደርጋለች። አንዳንዴ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀለል ይላታል። ከዚያ ያቺ የተዘለለች ቃል ትዝ ትላትና እሳቱ ተመልሶ ይወጣል። ለቃሏ ጄል የለ፣ እንክብል የለ።

በችሎቱ ዋዜማ አባተ ኪሱን እየዳበሰ ገባና አንድ ነገር እጇ ላይ አስቀመጠላት። አዲስ ቱቦ ነው።

"ዶክተሯ ያሉትን ሰምቻለሁ" አለ ሳትናገር ቀድሟት። "አንድ ቀን ነው ዘርዬ። ነገ ጥርት ብለሽ ትገቢና 'ታምሜ ነበር፣ ይኸው ዳንኩ' ትያለሽ። የግዛቸው መቃወሚያ እዚያው ያልቅለታል።"

"የዘለልኩትስ?"

"ስለሱ ማን ጠየቀሽ?"

"እማማ ወለተሥላሴ ቢጠይቁኝስ?"

"ዘርትሁን! አማርኛ የት ይሰማሉ?"

ዘርትሁን ባሏን አየችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንጀራዋ እንዳይቀርባት የፈራ ሰው ነው። ግን ያቺ አነጋገሩ ከፊቷ መቃጠል በላይ አመመቻት፤ ለምን ቢሉ፣ እሷም በልቧ ያንኑ ብላ ነበር።

ጠዋት መስታወት ፊት ቆመች። እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ የበሰለ ቁስል ይመስላል። የቱቦውን ክዳን ፈታች። ጣቷ ጫፍ ላይ ትንሽ ጨመቀች። ያን ቀዝቃዛ ነጭ ነገር ስታየው አፏ ምራቅ ሞላ፣ እንደተራበ ሰው። ጥቂት ብቻ፣ ለአፍንጫዋ ብቻ። ነገር ግን ራሷን ታውቃለች፤ ጥርት ብላ ከገባች ዝም ትላለች። የተመለሰ መልክ የምታጣው ነገር ይሆንባታል፣ ለእሱ ስትሳሳ የአሮጊቷን ቃል ትበላዋለች። ጣቷን ፎጣው ላይ ጠረገች፣ ጃንጥላዋን አነሣች፣ አባተን ሳትሰናበት ወጣች።

ችሎቱ ከወትሮው የበለጠ ሰው ነበረበት። ስትገባ "ውይ፣ ምን ነካት!" ያለ ድምፅ ከኋላ ሰማች። እማማ ወለተሥላሴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ያዩዋታል፣ ፈገግ አላሉም። ለዛሬ ብቻ ከሌላ ችሎት የተጠራው አስተርጓሚ ሳሙኤል አጠገባቸው ተቀምጧል። ዳኛው መዝገቡን ገለጡ።

"ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ለመቃወሚያው መልስ አለዎት?"

ተነሣች። እንደተማረችው አየሩን ቀስ አድርጋ አስወጣችው፤ እሳቱ አልጠፋም፣ ድምፅዋ ግን ተመለሰላት።

"አለኝ። ፊቴ የሚቀላው በሕመም ነው፣ የሐኪም ማስረጃው ይኸው። ስደነግጥ ይቀላል፣ ሲሞቀኝ ይቀላል፣ አሁንም ቀልቷል። ፊቴ ስለቀላ አድልተሻል መባሌን አልቀበልም።" ግዛቸው ለመነሣት ተንቀሳቀሰ። እሷ ግን አልጨረሰችም። "ጥፋት ግን አለብኝ። ባለፈው ቀጠሮ ከሳሽ ከተናገሩት ላይ ዘልያለሁ።"

ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች።

"ምን ማለትዎ ነው?" አሉ ዳኛ ሰብሃት።

ነገረቻቸው። የችሎቱ ድምፅ ተቀርጿልና እንዲሰማ ጠየቀች። ዳኛው ቅጂው እንዲከፈት አዘዙ፣ ሳሙኤል እየሰማ እንዲተረጉም አስማሉት። የአሮጊቷ ድምፅ ከማሽኑ ወጣ፤ ቀጥሎ ሳቁ፤ ቀጥሎ የዘርትሁን ጥድፊያ። ሳሙኤል ሦስቱንም ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ በአማርኛ አስቀመጣቸው። ስለ ሱሪው ሲደርስ ዛሬ የሳቀ ሰው አልነበረም። ተከሳሹ ጫማውን ያያል። ግዛቸው ወደ ደንበኛው ዘወር ብሎ የሆነ ነገር በጆሮው ጠየቀውና ማኅደሩን ዘጋ።

ዳኛው ለብዙ ጊዜ ጻፉ። የሰው ፊት መቅላት ማስረጃ አይሆንም ብለው መቃወሚያውን ጣሉት። የከሳሽ ቃል እንደ አዲስ ተስተካክሎ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር አዘዙ። ዘርትሁን በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አታስተረጉምም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ይደርሳታል። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሲያምዎት ለምን አልተናገሩም?"

ዘርትሁን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሁሉንም ተናግራለች፤ የራሷን ተናገሪ ያላት ግን አልነበረም፣ እሷም ለራሷ ብላ አታውቅም።

"ሁለተኛ እንዲህ ሲሰማዎት እጅዎን ያንሡ" አሉ። "ችሎቱ ይቆምልዎታል።"

ውጭ ካፊያ ጀምሯል። ዘርትሁን ከደረጃው ሥር ቆማ ጃንጥላዋን ለመዘርጋት ስትታገል እማማ ወለተሥላሴ በሳሙኤል ክንድ ተደግፈው ወረዱ፤ ክንዱን ለቀቁና ወደ እሷ መጡ። ዘርትሁን በካፊኖኖ ይቅርታ መለመን ጀመረች፤ ቃሉ እየተደናቀፈባት ገና አንዱን ሳትጨርስ አቋረጧት።

"አውቄ ነበር እኮ" አሉ።

"ምኑን?"

"ማሳጠርሽን ነዋ። የእኔ ረጅም ነበር፣ ያንቺ አለቀ። አማርኛ ባልሰማ፣ ረጅምና አጭር ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገሩም?"

"ፊትሽ ሲነድ አየሁታ! ይህች ልጅ ታማለች፣ ሰዉም አፍጥጦባታል፤ እኔ ደግሞ ተነሥቼ ባጋልጣት ከሥራዋ ያባርሯታል አልኩ።"

"እማማ! ቦታዎን ሊያጡ ነበር እኮ።"

አሮጊቷ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳብ አደረጉ። "እሱንም አስቤው ነበር" አሉ።

ዘርትሁን አለቀሰች። እንባዋ የተላጠ ጉንጯ ላይ ሲወርድ እንደ በርበሬ አቃጠላት፤ ሰው እያለፈ ያያታል፣ እሷ ግን ፊቷን አልሸፈነችም።